ማሳሰቢያ፦ ከገና እስከ ጥምቀት በፎገራ ሜዳ ለምታልፉ

ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ በፎገራ ሜዳ ባለችው ወረታ ላይ የእንግዳ መኪና ይበዛል። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ለበዓል የገቡ ጓደኛሞች አራትም አምስትም ሆነው፣ የአንዳቸውን መኪና ወይም የኪራይ መኪና ይዘው ይመጣሉ። በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ቁጥራቸው ቢቀንስም ጨርሶ አልቀረም። መስመራቸው የታወቀ ነው፤ ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር። በሁለቱ በዓላት መካከል ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ የሚታጠፈው እኛ ጋ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አስፋልትና በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው መንገድ ወረታ ላይ ይገናኛሉ።

መንገደኛ የሚፈራውን ቦታ ለይቶ ያውቃል። አባይ በረሃን ይፈራል፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ወሬ ይቀንሳል። ከጋሸና ወደ ወልድያ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ይፈራል። ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ አሞራ ገደልን ሲያይም ሾፌሩን ማናገር ያቆማል። ፎገራን ግን የሚፈራ የለም። ሐሙሲትን አልፎ ሜዳው ሲገለጥ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ በግራ በኩል እስከ ጣና ዳር የሚሄድ ለጥ ያለ መሬት ነው። ሾፌሩ ትከሻው ይላላል፤ ነዳጅ ይሰጣል። ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ስልክ ይወጣል። እኔ ልብ በሉ የምለው ይህን ቦታ ነው።

ሜዳው ባዶ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ነው። ሩዙ ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ቤትና ወደ መፈልፈያ የሚጓዘው በአህያ፣ በጋሪና በሰው ጫንቃ ነው። ሩዙ ሲነሣ ደግሞ መስኖው ይቀጥላል፤ የሽንኩርቱ ሥራ ይመጣል። ሽንኩርት ሲደርስ አይሱዙዎች አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጭናሉ፤ ግማሽ አካላቸው መንገዱ ላይ ነው። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከሜዳ የዋለው ከብት ይመለሳል። መንጋው አስፋልቱን ሲያቋርጥ ፊት ፊት ያሉት በሬዎች ካለፉ በኋላ ሁልጊዜ አንዲት ጥጃ ወደ ኋላ ትቀራለች። ጥጃዋን ተከትሎም አንድ ልጅ ይሮጣል። ልጁ የሚያየው ጥጃዋን ነው፤ መኪናውን አይደለም። የዚህን አገር መንገድ የሚያውቅ ሾፌር መንጋው አለፈ ብሎ ወዲያው አይነሣም፤ ልጁን ይጠብቃል።

ሒሳቡን እናስላው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ መኪናው እስኪቆም ድረስ በጠቅላላው ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል። በ50 ቢሆን ኖሮ 30 ሜትር አካባቢ ይበቃው ነበር። ለሁለት ሴኮንድ ስልኩን ያየ ሾፌር በ100 ፍጥነት 56 ሜትር ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ነድቷል ማለት ነው። ጎማው ላይ ያለው ጥርስ ካለቀ፣ ወይም መኪናው አምስት ሰውና የአምስት ሰው ሻንጣ ከጫነ፣ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነው። የአህያ ጋሪ የኋላ መብራት የለውም። የአጭር መብራት ብርሃን በደንብ የሚያሳየው ወደ 40 ወይም 50 ሜትር ነው፤ ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር አነጻጽሩት። ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና ረጅሙን መብራት ካላወረደ ያ ርቀትም አይታይም። በዚህ ላይ የድንጋዩ ጉዳይ አለ። በአገራችን ጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል፤ ከኋላ በኩልም ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ይህ ደግ ነው። መኪናው ሲጠገን ግን ረዳቱ ዘሎ ይገባል፤ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ቅጠሉን ንፋስ ይወስደዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደርሰው የበዓል መኪና የሚያገኘው መሐል አስፋልት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ረዳቶች ሆይ፣ ስትነሡ ድንጋዩን አንሡ። የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መኪናው ውስጥ እንግባ። በሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሩ ሲከንፍ የሚቆጡ እናቶች አሉ፤ «ኧረ ቀስ በል፣ ልጆች አሉን!» ይላሉ። ሾፌሩ ቢያጉረመርምም ይቀንሳል። በጓደኛ መኪና ውስጥ ግን ይህን የሚል ሰው የለም። ይሉኝታ ይይዛል። መኪናው የእሱ ነው፣ ነዳጁን እሱ ሞልቷል፣ ደስታውን ላደፍርስ እንዴ ይባላል። የደፈረም «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ» ተብሎ ይሳቅበታል፤ ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ጨዋነት አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት፣ ገና ሻንጣ ስትጭኑ፣ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን። እሱ ቀንስ ሲል ይቀነሳል፤ እዚህ እንደር ሲል ይታደራል። ቀልድ የለበትም። ኃላፊው መኪና መንዳት የማይችል ሰው ቢሆን ደግሞ ይሻላል እላለሁ፤ መንዳት የሚችል ሰው የጓደኛውን ጥፋት ይለምደዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንቅልፍ ነው። ገናን ላሊበላ ያከበረ ሰው ሌሊቱን ቆሞ አድሯል። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ ጠዋት ቤዛ ኩሉ ይደረሳል። ሾፌሩም ክርስቲያን ነው፤ እሱም አድሯል። ያላደረም ቢሆን በዚያ ግርግር መሐል መኪና ውስጥ ጎኑን ሳያሳርፍ ነግቶበታል። ከቀትር በፊት ተነሥተው በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በክምር ድንጋይ አድርገው ይመጣሉ። ይህ መንገድ አብዛኛው ደጋ ነው፤ የጉና ብርድ አጥንት ይሰብራል። ብርዱ፣ ጥምዝምዙና ፍርሃቱ ሾፌሩን አንቅተው ያቆዩታል። ደብረ ታቦር ላይ ጾሙ ተፈቷልና ጥብስ ይበላል፤ አንድ ሁለት ቢራም ይቀመሳል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ወረታ ነው። ከተራራው አናት 1,800 ሜትር አካባቢ ወዳለው ሜዳ ሲወርዱ ሙቀቱ ይቀበላቸዋል። መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱም ተኝተዋል። ሾፌሩ ዓይኑ የሚከደነው እንግዲህ እዚህ ነው። ለዚህ ጫትም፣ ቡናም፣ ከፍ ያለ ሙዚቃም መድኃኒት አይሆኑትም። መድኃኒቱ አንድ ሌሊት መተኛት ነው። በገና ማግስት እንጂ በገና ዕለት ከላሊበላ አትውጡ። ሾፌር ከቀጠራችሁም ለእሱ አልጋ ያዙለት፤ መኪና ውስጥ አታሳድሩት። የከተራን ሌሊት ጎንደር ላይ ላደራችሁም ነገሩ ያው ነው፤ በጥምቀት ማግስት እንጂ በጥምቀት ዕለት አትነሡ።

ስለ ተራራው ብዙ አልልም፤ እሱ ራሱ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ። ቁልቁለት ላይ በባዶ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል። መኪናውን የሚይዘው ያኔ ፍሬኑ ብቻ ነው። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን እምቢ አለው» የምንለው ይህንኑ ነው። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። የጎማና የፍሬን ሽታ ከሸተታችሁ ቁሙ፤ ውሃ አትድፉበት፤ ይቀዝቅዝ።

ቀበቶ ደግሞ። የፊት ወንበር ቀበቶ ትራፊክ ስለሚያይ ይታሰራል። የኋላው ቀበቶ በብዙ መኪና ላይ ከወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብሯል። አውጡት። መኪናው በ80 ሲጋጭ ከኋላ ያልታሰረው ጓደኛ ወደ ፊት ተወርውሮ ራሱንም የፊተኛውንም ሰው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት የመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚገድል፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት እንደሆነ ገልጿል። በበዓል መኪና ውስጥ ተጨናንቆ የሚሄደው ወጣት ዕድሜው ይኸው ነው።

የጸጥታውን ነገር ሳልጠቅስ ብቀር ያስጠይቀኛል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ግጭት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ ጊዜው ሲያልፍም ግጭቱ አልቆመም። መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ይዘጋል። ለገንዘብ ሲባል መንገደኛ ማገት በአገሪቱ የተለመደ ወንጀል ሆኗል። ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ኦሮሚያ ውስጥ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን አገር ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ጉዞው መዝናኛ ብቻ ከሆነ፣ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ውርደት አይደለም። መምጣታችሁ ካልቀረ መረጃ ከማኅበራዊ ሚዲያ አትውሰዱ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። እነሱ «ዛሬ አይሆንም» ካሉ አይሆንም። የት እንደደረሳችሁ ለቤተሰብ ንገሩ እንጂ ለሕዝብ አትለጥፉ። ኬላ ላይ ፎቶ አታንሡ። ምሽት አትጓዙ፤ በምንም ምክንያት።

የክረምት መንገደኞች በበኩላችሁ ስለ ውሃው አስቡ። ጉማራና ርብ ከጉና አካባቢ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ስለሆነ ሜዳው ላይ ፀሐይ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ከዚያ ወዲህም ውሃው ደጋግሞ ወጥቷል። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በጥርጊያ መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ፤ ጥቁሩ አፈር ሲርስ አራቱም ጎማ የሚሽከረከርለትን መኪና ሳይቀር ይይዛል። የሚፈስ ውሃ መንገዱን ካቋረጠ ጥልቀቱን በዓይን አትገምቱ። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ «ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ።

ስለ ጤናም ጥቂት ልበል። ጣና ዳር መዋኘት ያምራል፤ ነገር ግን ውሃው ቢልሃርዝያ አለበት። ፎገራ የወባ አገር ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ይብሳል፤ አጎበር ሳይዙ ማደር ተገቢ አይደለም። ካላዛርም አለ። በ1997 ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሣ መጀመሪያ ላይ ሰዎች ወባ እየመሰላቸው ብዙ ተጎድተዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጣም ትንሽ ናት፤ ስትበር አትሰማም። ከቤት ውጭ፣ በተለይ ግራር ሥር፣ ድንኳን ሳትዘጉ አትተኙ። ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ፎገራ ሄጄ ነበር» በሉት። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ካላዛርን በመጀመሪያ አያስበውም።

አደጋ ከደረሰስ? ሰው የገጨ ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የተቆጣው የአካባቢ ሰው ይደበድበኛል ብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ጥሎ መሄድ የሚድነውን ሰው ይገድላል። ቢያንስ አብራችሁ ያላችሁት ጓደኞች ወርዳችሁ ተጎጂውን አንሡ፤ አንገቱንና ጀርባውን ሳታጥፉ፣ አራት ሆናችሁ፣ እንደተጋደመ። ሾፌሩ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድና እጁን ይስጥ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ሆስፒታል በር ላይ «መጀመሪያ ክፈሉ» ከተባላችሁ አዋጁን ጥቀሱ። እሱ በሩን ያስከፍታል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ደግሞ ነገሩን ለማብረድ የታወቀ ወግ አላቸው፤ የሸሸ ሰው ግን ሽማግሌ መላክም ይከብደዋል።

እናንተ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ ይህን ሁሉ በመንገደኛው ላይ ጭነን ዝም ማለት አይገባንም። በጎ ፈቃዳችሁን አልጠራጠርም። ችግሩ ነገሩ ተለምዶ ከዓይን መጥፋቱ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ በከተሞች መግቢያ ላይ ያሉት የፍጥነት መግቻዎች ቀለማቸው ለቆ አስፋልቱን መስለዋል፤ በምሽት የሚታወቁት መኪናው ከነጠረ በኋላ ነው። ቀለም ይቀቡ፤ ከ100 ሜትር በፊት ምልክት ይተከል። የወረታ ከተማ አስተዳደርና የፎገራ ወረዳ፣ የሽንኩርት መጫኛ ከአስፋልቱ ውጭ ቦታ ይሰጠው። ገበሬው መንገድ ላይ የሚጭነው ወዶ አይደለም፤ አይሱዙው ማሳው ድረስ ስለማይገባ ነው። ትራፊክ ፖሊሶች፣ ቁጥጥሩ ጠዋት ከተማ መውጫ ላይ ወረቀት ከማየት አልፎ ከ11 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ይሁን። ሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት «ትናንት ተኝተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አምቡላንስ በአብዛኛው ለወላድ እናቶች መዋሉ ትክክል ነው፤ በገናና በጥምቀት መካከል ግን አንድ ለመንገድ አደጋ ተብሎ ወረታ ላይ ቢቆም የሚያጣ ሰው አይኖርም።

የኬላውን ገመድ ለብቻ እጠቅሰዋለሁ። በምሽት መንገድ ላይ የሚወጠር ገመድ ወይም የሚጋደም እንጨት ምንም ብርሃን የለውም። የጠባቂው ባትሪ ከደከመ መኪናው የሚያየው ደርሶበት ነው፤ ሞተር ብስክሌት ቢሆን ነጂው አንገቱን ይመታል። ጠባቂዎቹ ደግሞ ያልቆመ መኪና ሲያዩ ምን እንደሚጠረጥሩ በዚህ ጊዜ መናገር አያስፈልግም። ገመዱ ላይ ነጭ ማዳበሪያ ይታሰር። ከ50 ሜትር ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ፋኖስ ይቀመጥ።

ጋሪዎቹም እንዲሁ። የጋሪው የኋላ ጣውላ ላይ መዳፍ የምታህል ቀይ አንጸባራቂ ብትለጠፍ ከሩቅ ትታያለች። ይህን ለመሥራት ጥናትም ስብሰባም አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን ወረታ መግቢያ ላይ ቆሞ ለሚያልፈው ጋሪ ሁሉ መለጠፍ ይቻላል። የወረዳው ወጣቶች አንድ ቅዳሜ ቢመደቡለት ይበቃል። ገና ሳይደርስ ይሁን።

መንገደኞችም፣ ወረታ ስትደርሱ ሰዓቱ ከ10 ካለፈ አልጋ ያዙ። ከዚህ እስከ ጎንደር ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ብትነሡ ለታቦቱ ትደርሳላችሁ።